ለሙሴ መርዶ ይዘን የወጣንበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት አክስቴን ልቀበል ሳን ሆዜ ኤርፖርት ሄድኩና በረራው ዘገየ። ወዲያ ወዲህ ስል አንድ ሰውዬ ከፍ ያለ ወንበር ዘርግቶ ጫማ ሲያሳምር አየሁ። አሜሪካም ሊስትሮ አለ ለካ! ቆርቆሮውን ከፈት ሲያደርገው የጥቁር ቀለሙ ሽታ፣ ያ ሰም ሰም፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚለው፣ መጥቶ ባለሁበት አቆመኝ። ሰዉ ሻንጣውን እየጎተተ በግራ በቀኝ ያልፈኛል። "ሙሴ!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሳላስበው። ሊስትሮው ቀና ብሎ አየኝ። "ሶሪ" ብዬ እንደ ሌባ ሹልክ አልኩ።

ሙሴ አርማን ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ሳለን ቤታቸውን ያከራዩን ፈረንሳዊ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ከላይ፣ እኛ ከታች። ዲቪ ደርሶን ከደሴ ስንመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባዬ ታክሲ ይነዳል፤ እማዬ ሚልፒታስ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ጥቃቅን ነገር ስትሰካ ትውላለች። "ሙሴ" ያላቸው አባዬ ነው፤ የድሮ ሰው ፈረንጅን የሚጠራው እንደዚያ ነው። እሳቸውም ወደዱት። ሚስታቸው የኦክላንድ ልጅ ነበረች። ፓሪስ ለሥራ ሄዳ አገባቻቸው፣ ሲያረጁ ወደ እናቷ ቤት ይዛቸው መጣች፣ ከዚያ ጥላቸው ሞተች። ልጅ አልወለዱም። በየማለዳው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጥቁር ጫማቸውን ቀለም ይቀባሉ፣ ይቦርሻሉ። የትም ላይሄዱ! እማዬ ወደ ሥራ ስትወጣ "ሙሴ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ሰርግ ነው?" ትላቸዋለች በአማርኛ። እሳቸው በፈረንሳይኛ ይመልሱላታል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

በገባን በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ሙሴ የልብስ ቅርጫት ታቅፈው ሲወርዱ አንዱን ደረጃ ሳቱት። ከላይ እስከ ታች ተንከባለሉ። ቅርጫቱ ወዲያ፣ ካልሲው ወዲህ። እማዬ "ያ አላህ! ሰውዬው አለቁ!" ብላ በባዶ እግሯ በረረች። ሙሴ እንደተጋደሙ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ፤ ጆሯቸው ላይ የተንጠለጠለውን ካልሲ አንስተው አገላብጠው አዩት፤ ጥንዱን ፈለጉ፤ አግኝተው አጠፉት፤ ከዚያ ተነስተው ባርኔጣቸውን ብድግ አደረጉላት። ጭረት የለባቸውም። እማዬ ጣቷን ቀስራ "ምን ዓይነት ሽማግሌ ነዎት! ልባችንን አወረዱት እኮ!" ብላ መቆጣት ጀመረችና መሃል ላይ ሳቋ አመለጣት። አሜሪካ ከገባን እማዬ ስትስቅ መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰው እንዲህ ወድቆ እንዲህ ይነሳል እንዴ?

ሥራቸው እሱ መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሳቅ ሲወድቁ ኖረዋል። አባታቸው ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ ሙሴ ገና በልጅነታቸው ከመንደር መንደር የሚዞር የቲያትር ቡድን ተከትለው ጠፉ። ፓሪስ ገብተው ምድር ቤት ባለ መድረክ ላይ ሠሩ፤ ከዚያ ሲኒማ ጠራቸው። ስማቸው ግን ፖስተር ላይ በትልቁ ተጽፎ አያውቅም። ዋናው ተዋናይ ቆንጆዋን ሲያፈቅር ሾርባ የሚደፋበት አስተናጋጅ ሙሴ ናቸው። ሌባው ሲያመልጥ ፊሽካውን የሚውጠው ፖሊስ ሙሴ ናቸው። ብቅ ብለው ይጠፋሉ፤ ሰው ከሲኒማ ሲወጣ የሚያወራው ግን ስለሳቸው ነው። አገራቸው ሳሉ ስማቸውን የማያውቅ ሰው መንገድ ላይ ያስቆማቸውና "አጎቴን ይመስላሉ" ይላቸው ነበር አሉ። ከሽልማት ሁሉ እሱን ያስበልጡታል።

እሁድ ከሰዓት ሊቪንግ ሩማቸው ውስጥ ሰብስበው በካሴት ያሳዩናል። ቋንቋው አይገባንም፤ ምን ያደርጋል ቋንቋ! ሌሊቱን ሲነዳ ያደረው አባዬ ሶፋው ላይ እንቅልፍ እያዳፋው ይጀምርና ሆዱን ይዞ ይጨርሳል። ከሁሉ የሚበልጥብን የበሩ ነው። ሙሴ የሆቴል በረኛ ናቸው፣ አጭርና ድብልብል። እንግዳው ሉሲየን የሚባል፣ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ የዕድሜ ልክ የሥራ ጓደኛቸው ነው። በረኛው በሩን ይዞ ይቅደሙ ይላል። እንግዳው ኧረ እርስዎ! ኧረ በጭራሽ! ኧረ አይገባም! ይጎነበሳሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ኮፍያ ይቀባበላሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም እኩል ይገቡና በሩ መሃል ይቀረቀራሉ። "ይሄማ እኛ ነን!" ይላል አባዬ እንባውን እየጠረገ። ወላሂ እውነቱን ነው፤ ደሴ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ በር ላይ ከተገናኙ ሻይ ይቀዘቅዛል።

ሉሲየን ደቡብ ፈረንሳይ ነው የሚኖረው። ሙሴ በየእሁዱ ጠዋት ይደውሉለትና ጣራው እስኪነቃነቅ ይጨቃጨቃሉ። አንድ ቀን ሰምቼ "ምንድን ነው የሚያጣላችሁ?" ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው። የበሩ ትዕይንት ላይ ማን እግሩን ቀድሞ እንዳነሳ ገና አልተስማሙም። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ይቀጥላሉ።

አስራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት የኛ ስልክ ጮኸ። ሙሴ ጆሯቸው ስለደከመ የኛንም ቁጥር ፈረንሳይ ላሉት ሰጥተው ነበር። የሉሲየን ልጅ ናት። ሉሲየን ማታ እንደተኛ በዚያው ቀርቷል። እማዬ ባለችው እንግሊዝኛ የመለሰችላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ዩ ኖ ኮል ሂም። አይ ቴል ሂም።" ልጅቱም ሳይቀልላት አልቀረም፣ እሺ አለች።

ከትምህርት ቤት ስገባ እማዬ ጓዳ ቆማ ታለቅሳለች። "ማሚ፣ ጀስት ቴል ሂም! ላይ ናቸው እኮ" አልኳት። ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። "ሰው መርዶውን ብቻውን አይሰማም። ልባቸው ደካማ፣ ዘመድ የላቸው፣ ወገን የላቸው፣ ደረጃው ላይ አቁሜ ልንገራቸው? የእውነቱን ቢወድቁስ?" በኛ ወግ መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ። ቀኑ ቅዳሜ ተቆረጠ። ቅዳሜ ካለፈ ሙሴ እሁድ ይደውላሉ፤ የሞተ ሰው ስልክ ሲጠራ ይሰማሉ። ሀጂ ዑመር የሚባሉት የኛ ሰፈር ሽማግሌ እንዲናገሩ፣ እኔ እንዳስተረጉም ተወሰነ። እኔ! አምላኬን ያን ቃል ከአፌ እንዳያስወጣው ለመንኩት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከፍሩትቬል እስከ ሳን ሆዜ ያለ ወሎዬ ሁሉ ሲሰማ ሙሴ ብቻ አልሰሙም። አባዬ ዓይናቸውን ማየት አልቻለምና በጓሮ በር መውጣት ጀመረ። እማዬ ደግሞ ሰሃን ላይ ሰሃን ታመላልሳለች። ዓርብ ከሰዓት ሙሴ ደረጃው ላይ ያዙኝ። "ማደሞዜል፣ እናትሽ ከትናንት ጀምሮ ምግብ ታግዝብኛለች። ልሞት ነው እንዴ?" አሉኝ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ የቱ እንደቀደመ ሳላውቅ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ደረጃችን ሥር ሰው ሞላ። የአባዬ የታክሲ ጓደኞች፣ ከእማዬ ጋር አንድ ሺፍት የሚገቡት፣ መስጊድ የምናውቃቸው፣ ከማዶ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ሳይቀሩ። የኛ ሴቶች ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው ስበዋል፣ እነሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አብዛኛው የሙሴን ፊልም አንድም ቀን አላየም። ይሁን እንጂ መርዶ አይቀርበትም። ሀጂ ዑመር በከዘራ ከፊት፣ እኔ ከጎናቸው ወጣን።

ሙሴ በፒጃማ ከፈቱ። ከሀጂ ጀምሮ ደረጃው ላይ የተደረደረውን ፊት ሁሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ አዩት። ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ሙሴ፣ የሰው ልጅ..." ብለው ሲጀምሩ ሙሴ ጣታቸውን ብድግ አደረጉ፤ ቆዩኝ እንደማለት። በሩንም ዘጉት።

ተያየን። ደግሞ ሲከፈት ሙሴ ፒጃማው ላይ ኮት ደርበዋል፣ ባርኔጣ ደፍተዋል። ወደ ውጭ ወጥተው ወገባቸውን ቀጥ አድርገው በሩን ያዙና ጎንበስ አሉ፤ ለኛ ሳይሆን ፊታቸው ላለው ባዶ ቦታ። እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ያ ረቢ! ትርኢት ልናይ የመጣን መሰላቸው! ንገሪያቸው እንጂ!" አለችኝ። ማን አፍ አለው! በሩ ተመልሶ አፍንጫቸውን መታቸው፤ በሩን ይቅርታ ጠየቁት። ይቅደሙ፤ ኧረ አይገባም። ባርኔጣቸው ከእጃቸው ወደ ጉልበታቸው፣ ከጉልበታቸው ወደ ጭንቅላታቸው ዘለለ። ሰዉ ከንፈሩን ነክሶ ይታገላል። የሀጂ ዑመር ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ የጎሰጎሰችም አለች። በመጨረሻ ሀጂ "አስተግፊሩላህ!" ብለው ፈነዱ፣ ከዘራቸውን መሬት እየደበደቡ። ከዚያማ ማን ሊይዘው! መርዶ የመጣ ሰው ደረጃ ለደረጃ ተደጋግፎ ሳቀ።

እኔም ስቄ ነበር፣ እስከ አንድ ቦታ። የሉሲየንን እንቅስቃሴ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሙሴ ቦታውን ሁሉ ትተውለታል። እሱ በሚናገርበት ላይ ዝም ብለው ይሰሙታል። ኮፍያ በሚያቀብልበት ላይ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ልክ እሱ ፊት ላይ ያርፋል። ወላሂ፣ ያን ረጅም ሰውዬ አየሁት! መጨረሻው ላይ ደረሱ፣ ሁለቱ እኩል ገብተው የሚቀረቀሩበት። ሙሴ ግን አልገቡም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው በሩን በሰፊው ያዙለት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ እስኪያልፍ ጠበቁት፣ በዓይናቸው ሸኙት። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ከኛ ጋር ውጭ ቀሩ።

ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። ሙሴ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። "ሉሲየን ነው፣ አይደል?" አሉኝ። "ሌላማ የቀረኝ የለም።" ራሴን ነቀነቅኩ። እማዬ እሪ አለች። "አውቀው ኖሯል! ታዲያ ምነው እንዲህ?" አለቻቸው፤ አስተረጎምኩላቸው። "አያትሽ የሞቱ ጊዜ" አሉ ወደኔ ዞረው፣ "እነዚሁ ሰዎች በዚሁ ሰዓት እናንተ ጋ መጥተው ነበር፤ በመስኮት አይቻለሁ። ዛሬ ስከፍት ፊታችሁን አየሁት። እንዲህ ከብዷችሁ እንድትናገሩት አልፈለግኩም።" ይህን ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። አባዬና ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ያዟቸው። ሀዘኑ የራሳቸው፣ የሚያጽናኑት ግን እኛን! እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ብዙ ትልልቅ ሰው አይቻለሁ፣ ያን የሚያህል አላየሁም።

ሦስት ቀን ከሳቸው ጋር ተቀመጥን። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፣ ምግብ ይገባል። ሙሴ ሶፋው ላይ ሆነው ስለ ሉሲየን ያወራሉ፤ እኔ ድምፄ እስኪዘጋ አስተረጉማለሁ። "እኛ አገር ስልክ ይደወላል፤ ከዚያ ሰው ብቻውን ሾርባውን ያሞቃል" አሉን። እማዬ ይህን ስተረጉምላት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። የዚያን እሁድ ስልኩን ያነሳ የለም።

ሙሴ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሩ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ ሳን ሆዜ አፓርትመንት ተከራየሁ። አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እማዬና አባዬ፣ የኦክላንድ ጎረቤቶቻችን፣ ከፊታቸው ደግሞ በሁለት ሰው የተደገፉ ሀጂ ዑመር ቆመዋል። ቴክስት ማድረግ ይቻል ነበር። እነሱ ግን መቼ ያደርጉታል! ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ ሰዓዳ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ..." አሉና ቆሙ። ደግመው ሞከሩ፣ አልሆነም። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ እንባ መስሎኝ ልደግፋቸው ተጠጋሁ። ሳቅ ነው። እማዬም ከኋላ አመለጣት። ኮሪደሩ ላይ ተቃቅፈን ጎረቤት በር እስኪከፍት ሳቅን፣ ሳቁም በየሰው ፊት ላይ ልቅሶ ሆነ። ሁሉም ገብቶ ምንጣፌ ላይ ተቀመጠ፣ ሦስት ቀንም አልተነሳ። እስከ ዛሬ ድረስ ሙሴ ሞቱ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።