ክራሮቹ የተጫኑ ዕለት

መካነ ሰላም ለሥራ የገባሁት በዝናብ ነው። ከሚኒባስ ወርጄ የጫማዬን ጭቃ ሳላራግፍ፣ የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምስ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ከፍቶ አሳየኝ። ክራርና ማሲንቆ እንደ ማገዶ ተከምሯል። ግማሹ ክር የለውም፤ የአንዳንዱን ቆዳ አይጥ በልቶታል።

«የሙዚቃ መምህር ስንፈልግ ከርመን ነው አንተን ያገኘን» አለኝ። «ልጆቹ የድሃ ድሃ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ የሚያሳዩት ነገር ይኑራቸው።»

ነገሩ ያኔ አልከነከነኝም። ሥራ ፈትቼ ነበር የከረምኩት።

መጀመሪያ ጥገና ያዝኩ። ቆዳ ወጠርኩ፣ ናይሎን ክር አሰርኩ፣ የተሰበሩ መቃኛዎችን ቀየርኩ። ከዚያ ቅኝት ማስተማር ጀመርኩ፤ ትዝታን አስቀድሜ፣ ባቲን አስከትዬ፣ አምባሰልን መጨረሻ ላይ። ብዙዎቹ ልጆች ክር ሲረግብ አይለዩም። ብርቄ ግን ከወዲያኛው ጥግ ሆና «ጋሼ፣ ሦስተኛው ወርዷል» ትለኝ ነበር።

ብርቄ እናት አባቷ ሞተውባት መሪጌታ አጎቷ የሚያሳድጓት ልጅ ናት። አንድ ቀን አጎቷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄን አዝማሪ ልታደርጋት ነው? ወይስ ሃይማኖቷን ልታስለውጣት?»

«ሁለቱም አይደለም፣ መሪጌታ። እንደኔ መምህር ትሆናለች።»

መሬቱን በመቋሚያቸው ሲወጉ ቆዩና «አደራ» ብለውኝ ሄዱ።

እርዳታ ሰጪ እንግዳ ሲመጣ አቶ ደምስ ልጆቹን አዲሱን ዩኒፎርም አያስለብሳቸውም ነበር። ለፎቶ የተቀደደው ይሻላል ባይ ነው። ብርቄ ግን ቀሚሷን አጥባ፣ ቀዳዳውን ጠቅማ መጣች።

«ማን ጥቀሚ አለሽ?» ብሎ ተቆጣት።

«ሰው ፊት እኮ ነው የምጫወተው» አለችው።

ከኋላ አስቀመጣት። አምባሰልን መምታት ስትጀምር እንግዶቹ አንገታቸውን እያሰገጉ ፈለጓት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሲዮኑ ሐሳቡን ቀየረ። ሙዚቃው ቀርቶ ልብስ ስፌት ይሆናል ተባለ። አይሱዙ መጥቶ መሣሪያዎቹ ሲጫኑ «አንዷን ክራር ለብርቄ ተውላት» ብዬ አቶ ደምስን ለመንኩት።

«የድርጅት ንብረት ለግለሰብ አይሰጥም። ይሄን ታጣዋለህ?»

ብርቄ ክራሯን ታቅፋ ቆማለች። ሾፌሩ እጁን ዘረጋላት።

«ቆይ፣ ክሩን ላላላው» አለችው። «መንገዱ ጎርባጣ ነው፤ ይበጠሳል።»

መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አላልታ ሰጠችው። አላለቀሰችም። ፊቴን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ስፌቱም ሳይጀመር ቀረ። እኔ አቀስታ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቼ አማርኛ ማስተማር ያዝኩ። መሪጌታ ብርቄን ከላላ ወረዳ ላለ ሰው ዳሯት።

ሰንበትበት ብሎ ከላላ ገበያ አገኘኋት። ልጅ አዝላ ጌሾ ትሸጣለች።

«ክራሩስ?» አልኳት።

«ባለቤቴ ‹አዝማሪ አላገባሁም› ይላል። እሽ ቢልስ ከየት አመጣለሁ?»

ጌሾውን አስተካከለች።

«አብሽሩ ጋሼ፣ አጎቴ አልተቀየሙዎትም። እኔ ግን ባያስተምሩኝ ይሻለኝ ነበር። ምስር ስለቅም ጣቶቼ ሳላዛቸው ይመታሉ። ባሌ እንዳያይ እደብቃቸዋለሁ።»

ጠላ የማልጠምቀው ሰው ጌሾ ገዝቼ ሄድኩ።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ልጅ ከማስተማራችሁ በፊት፣ ትምህርቱ ሲቋረጥ መሣሪያው ማን ጋ እንደሚቀር ጠይቁ። ልጁ ጋ የማይቀር ከሆነ አትጀምሩ።