ወላሂ ብዬ ያሸነፍኩት ጨዋታ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ስንቱን ኃጢአት ስዘረግፍ ይህችን ብቻ ጉያዬ ውስጥ አስቀርቻታለሁ። ለእርስዎ የምነግርዎ ስለማያውቁኝ ነው። ታዲያ ሲናዘዝ አንገቱን ይደፋል ብለው አይጠብቁ። እኔ ያን ቀን አሸንፌያለሁ። ባስታወስኩት ቁጥር እስካሁን ደረቴ ይነፋል፤ ችግሬም እሱ ነው።

ጅጅጋ የሒሳብ መምህር ነኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ተመድቤ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። ከምሳ በኋላ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጋደም ሲል እኛ አብዲ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ፖከር እንጫወት ነበር። የምናስይዘው የለስላሳ ቆርኪ ነው። አብዲ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ እዚሁ አቅራቢያ የቱሊ ጉሌድ ሰው፣ ሆዱ ውስጥ ነገር የማያድር፣ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም የሚስቅ። ሶማሊኛ ያስተማረኝ እሱ ነው። "ወላል" ይለኛል፣ ወንድሜ ማለቱ ነው።

አንድ ዓመት በፈተና ሰሞን ለማንም ፈቃድ አይሰጥም ተባለ። ቀዳዳው አንድ ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ ለሚሰጥ ሥልጠና ከእኛ አንድ መምህር ይላካል። እኔም አብዲም ጠየቅን። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶን "እኔን መሐል አታስገቡኝ፤ ተስማምታችሁ አንድ ስም አምጡልኝ" አለን።

ሚስቴ አዲስ አበባ እናቷ ቤት ነበረች፣ የመውለጃዋ ሳምንት ደርሶ። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ቀብረናል። ያኔ እኔ አልነበርኩም፤ እዚሁ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነበር። እንደገና ልቅር? የአብዲ ታላቅ ወንድም ደግሞ አብዲ ልጅ ሳለ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ነው፤ በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድሮ ሊያልፍ ነበር። ማን ለማን ይተው? ዕጣ እንጣል ስለው አብዲ ሳቀ።

"ዕጣ የሰነፍ ነው። በካርታ ይለይልን" አለ።

የስፖርት መምህሩ ግርማ ካርታ አዳይ ሆነ። እኩል ቆርኪ ይዘን ጀመርን፤ አንዴ እሱ ሲበላ አንዴ እኔ ስበላ ቆየንና ብዙ ቆርኪ መሐል የተከመረባት ያቺ ዙር መጣች።

ፖከር የማይጫወቱ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይደብቃል፣ አምስት ደግሞ መሐል ላይ ይገለጣሉ፤ የእጁን ከመሐሉ አጋጥሞ የተሻለ የሠራ ይበላል። ተራ ሲደርስ ወይ ማስያዝ ነው፣ ወይ ምንጣፉን መታ አድርጎ ማሳለፍ። እኔ ስምንትና ዘጠኝ ይዣለሁ። መሐል ላይ ስድስትና ሰባት ስላሉ አምስት ወይ አስር ብትመጣልኝ ተከታታይ ቁጥር ይሞላልኛል። የመጨረሻዋ ካርታ ተገለጠች፤ ቀይ ልብ ያላት ንግሥት። ለእኔ ምንም። ግን መሐል ላይ ሦስተኛዋ ልብ እሷ ነበረች፣ ስለዚህ በእጁ ሁለት ልብ የደበቀ ሰው ካለ እሱ በልቷል ማለት ነው።

አብዲ ምንጣፉን መታ አድርጎ አሳለፈ። ልቦቹን ፈርቷል። ተራው የእኔ ሆነ። እኔም ባሳልፍስ? ካርታው ይገለጣል፣ ባዶነቴ ይታያል፣ አዲስ አበባም ቀረ። ትንሽ ባስይዝስ? ትንሽ ቆርኪ አብዲን አያስደነግጠውም፤ ለማየት ሲል ብቻ ይከፍላል። ባዶ እጅ መጨረሻ ላይ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፣ ዝም ብሎ መሞት ወይ ያለውን ሁሉ መጫን። ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሒሳቡም ልክ ነበር። ቆርኪዎቼን በሁለት እጄ ሰብስቤ ወደ መሐል ገፋኋቸው።

"ሁሉንም" አልኩ።

እስከዚህ ድረስ ኃጢአት የለብኝም። በካርታ መዋሸት ያለ ነው፣ አብዲም ስንቴ ሸውዶኛል። ግን አብዲ ካርታውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"ልብ ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

"ወላሂ በል።"

"ኧረ ተው፣ መሐላን ምን አመጣው?" አለ ግርማ። የሰማው የለም።

ጅጅጋ የከረመ ሰው፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ወላሂ ከአፉ አይጠፋም። እኔም ከቲማቲም ሻጯ ጋር ስከራከር፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ስጨቃጨቅ እላለሁ። አብዲ "ሚካኤልን በል" ቢለኝ ኖሮ ምላሴ ይተሳሰር ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ወላሂ ግን የእኔ አይደለም አልኩ በሆዴ። የእሱ ነው፤ እኔን አይዘኝም። ይህን አስቤ ነው ያልኩት፣ አምልጦኝ አይደለም። እኔ፣ አስቤበት፣ ወንድሜ የሚለኝን ሰው ዓይኑን እያየሁ "ወላሂ" አልኩ።

አብዲ ካርታውን ገልብጦ ጣለ፤ ዙሩን ተወልኝ ማለት ነው። ንጉሥ ይዞ ነበር። መሐል ላይም ንጉሥ ነበረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸንፈኝ ነበር። "ወላሂ ካልክ አለቀ፤ አንተ ሂድ" ብሎ ሳቀና ተነሥቶ አቀፈኝ። እኔ ካርታዬን ለማንም ሳላሳይ ከቀሩት ጋር ቀላቀልኩት።

ደስታዬን ልደብቅዎ? በባዶ እጄ ንጉሥ ያስጣልኩ ሰው ነኝ! ያን ቀን ጅጅጋ የጠበበችኝ ይመስለኝ ነበር። ሄድኩ፣ ደረስኩ፣ ልጄ ስትወለድ በር ላይ ነበርኩ። ከአዋላጇ እጅ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ስታለቅስ ሰማኋት፤ የመጀመሪያዋ አላለቀሰችም ነበር። እንዲያ ያለ ድል ዳግም አላገኘሁም።

አብዲ ደውሎ እልል አለልኝ። "ሂቦ በላት፤ በእኛ ስጦታ ማለት ነው። የእኔ ስጦታ" አለኝ። ሂቦ አልናት። ወንድሙን በስልክ ብቻ አናግሮ እንደሸኘው የነገረኝ ቆይቶ ነው፣ እሱም ስጠይቀው። ወንድሙ እስከ ዛሬ ተመልሶ አልመጣም።

አሁን ሚስቴም ሂቦም እዚህ ከእኔ ጋር ናቸው፤ ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች። በቀደም አብዲ ቤት ሐልዋ ሰርቃ በልታ፣ ጣቷ እየተጣበቀ "አልበላሁም፣ ወላሂ" አለችው። ሁሌ የሚስቀው ሰው አልሳቀም። አጠገቡ አስቀመጣት።

"ሂቦዬ፣ በወላሂ አይዋሽም። አባትሽን ጠይቂው። ስንት ዓመት አብረን ስንጫወት አባትሽ በወላሂ ዋሽቶኝ አያውቅም።"

ልጄ ዞራ አየችኝ። ምን ልበል? "አዎ፣ አይዋሽም" አልኩ። አብዲን ሁለተኛ ጊዜ አሸነፍኩት።

ሁሉንም በመግፋቴ አልጸጸትም። ያቺ ዙር ዛሬ ብትመጣ ዛሬም እገፋለሁ፤ ልጄን ያገኘሁበት ነው። ግን የራሴን ሚካኤል የፈራሁ ሰው፣ የአብዲን አምላክ ምን ብዬ ናቅሁት? የእሱ እምነት የእኔ ካርታ መደበቂያ ነበር? ሰበብ አልፈልግለትም። ይፍቱኝም አልልዎትም። የሚፈታኝ አብዲ ነው፤ እሱ ደግሞ ምንም ሳያውቅ ነገም ከምሳ በኋላ ምንጣፉን አንጥፎ ይጠብቀኛል።