ከዝናብ በኋላ ኢላማ የሚጠፋበት ሰውዬ

ማክሰኞ ማክሰኞ ከእኛ ጋር ዲስክ ጎልፍ ይጫወታል። ስሙን የጠየቀው የለም። የጎማ ቦቲ ተጫምቶ፣ ሁለት ዲስክ፣ ማለትም የሚወረወሩ የፕላስቲክ ሳህኖች፣ ብቻ የያዘ ትልቅ ቦርሳ አንግቶ ይመጣል። ሜዳው ላይ ከሠላሳ እርምጃ ወርውሮ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ ይከታል። ጫካ ስንገባ ግን፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ ዲስኩ በግራ በኩል ጥዶቹ መሃል ይጠፋል።

ጥቂት ወርውሮ የጨረሰ በሚያሸንፍበት በነሐሴው ዋንጫ በአንድ ውርወራ ይመራ ነበር። የቀረው የጫካው ቅርጫት ብቻ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ዋንጫውን አየ፣ ጥዶቹን አየ፣ ወደ ግራ ወረወረ።

"ጋሼ፣ ገብቼ ላፈላልግህ?" አለው በሁለተኛነት የሚከተለው ኢልፖ።

"አንተ ጨዋታህን ተጫወት!"

ከሩብ ሰዓት በኋላ ቦርሳው አብጦ ወጣ። እዚህ ፊንላንድ የእንጉዳይ ቦታ ለገዛ ወንድምም አይነገርም፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀውም።

ዋንጫውን ኢልፖ ወሰደ፤ ደስ ግን አላለውም። በሳምንቱ እሱም ወደ ግራ ወርውሮ ሮጠ። ያገኘው ተቆርጠው የቀሩ የእንጉዳይ እግሮችን ብቻ ነው።

"ምነው ኢልፖ፣ እጅህ ከዳህ እንዴ?" አለ ሰውዬው፤ ከዚያም ተረጋግቶ ወደ ቀኝ፣ ጥዶቹ መሃል ወረወረ።