ለነጂማ ያነበብኩላት ወረቀት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለእናቴም። ሌላውን ስወቅስ ዕድሜዬን ሙሉ ጽፌያለሁ፤ ስለዚህ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር፤ ከቀበሌ እስከ ሚኒስቴር ሰው ስብሰባ ላይ ቆሞ ጥፋቱን ይዘረዝር ነበር። እኔ በእነሱ እስቅ ነበር። ማን ነኝና?

እህቴ ነጂማ ዱባይ ተራ የሴት ጫማ ትሸጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ትኩሳት ሲለቃትና ሲይዛት ከረመ። ቢንቢ የነከሳት ቦታ እንደ እንቁላል አብጦ ይቆስል ነበር። ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ሲባል ቆይቶ ህንድ ሄዳ ታወቀ፤ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ይዘነው የምንኖረው ቫይረስ የእሷን ደም ቤቱ አድርጎ አልወጣም ብሏል። ብርቅ በሽታ ነው። የቀራት ተስፋ ከሌላ ሰው መቅኒ የሚወሰድ ግንደ ሕዋስ ነው አሉ፤ የታመመውን መቅኒ አጥፍቶ በጤነኛ መተካት። መጀመሪያ የሚፈለገው ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ነው። ያላት ወንድም እኔ ብቻ ነበርኩ። ለምርመራው ደም ሰጠሁ፤ ውጤቱ በኢሜይል ይመጣል ተባለ።

በቤታችን እንግሊዝኛ የእኔ ሥራ ነበር። ከውጭ የዕቃ ወረቀት ቢመጣ አንባቢው እኔ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ቢመጣ አንባቢው እኔ። ያነበብኩትን ደግሞ ለሌላ ሰው የሚያሳይ አልነበረም። ውጤቱን አብነት አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ሙሉ በሙሉ ይገጥማል፣ ሰጪው ቶሎ ይምጣ ይላል።

ስለ መቅኒ ሰጪዎች ያላነበብኩት አልነበረም። ዳሌ አጥንት ውስጥ የሚገባውን መርፌ አውቃለሁ። ከስንት አንዴ ከማደንዘዣ ሳይነቃ የሚቀረውንም ሰው አውቃለሁ። ያ ሰው እኔ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም።

ወረቀቱን አሳትሜ ሱቋ ገባሁ። እናታችን ካርቶን ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«ፕሮፌሰር፣ ምን ፊትህን ታጠቁራለህ? አንብበውና ይውጣልን!» አለች ነጂማ።

«ቢስሚላህ በልና አንብብ ልጄ» አለች እናቴ።

ቢስሚላህ አልኩ። ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ «አይገጥምም ይላል» ብዬ አነበብኩ። ጣቴ ያረፈው ይገጥማል የሚለው ቃል ላይ ነበር።

ነጂማ ሳቀች። «ድሮስ! የዚህ ሰውዬ ደሙም ተከራካሪ ነው።» ከዚያ ታጽናናኝ ጀመር። እኔን!

ፈርቼ ዋሸሁ። መዋሸቴ ሳይበቃኝ ለፍርሃቴ ፍልስፍና ሠራሁለት፤ ንቅለ ተከላው ራሱ ይገድላል፣ ሰው በአገሩ ቢታመም ይሻላል እያልኩ ሰበክሁ። እውነት ነው፣ ላይሳካ ይችል ነበር። ታዲያ መምረጡ የእሷ አልነበረም? ምርጫዋን የነጠቅኳት እኔ ነኝ። ቫይረሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ስምንት ወር ኖረች። መሄዷን ስታውቅ፣ በእኛ ዘንድ እንደሚደረገው፣ ቤተሰቡንና ጎረቤት ነጋዴውን አንድ በአንድ እያስጠራች አፉ በሉኝ አለች። ተራዬ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ስቀልድብህ ነው የኖርኩት። አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አልኳት።

አያችሁ? የገደልኳትን ልጅ ይቅር ብያት ወጣሁ። አፌን ከፍቼ እውነቱን ልነግራት የምችልበት የመጨረሻው ሰዓት ነበር፤ እኔ ግን የይቅር ባይ ፊት ይዤ በሩን ዘጋሁ።

እናቴ ዛሬም አለች። ብነግራት ሁለተኛ ልጇንም አሳጣታለሁ እላለሁ። ይህም ሰበብ ነው፤ የምሳሳው ለእሷ ሳይሆን ለዚያ ሁለተኛ ልጅ ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም። ጥፋቴን በአፌ ሳይሆን በጽሑፍ ያወጣሁትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ እናንተ ይቅር አትበሉኝ። ይቅርታው የእናንተ አይደለም።