ጭጋጉ የፈሰሰበት በኩል

ትናንት ባለሱቁ የማቀዝቀዣውን በር ሲከፍተው ነጭ ትንፋሽ ደፉን ተሻግሮ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ውኃ ልገዛ መግባቴን ረስቼ ቆምኩ። የእርጥብ ሣር ሽታ መጣብኝ።

እንዴት ብዬ ላስረዳሽ፤ የእኛ አገር ጭጋግ ተንሳፍፎ አይቀርም፣ ይፈሳል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከገደሉ በኩል ያወጣውና ሣር የምናጭድበትን የጓሳን ጋራ አናት አሻግሮ፣ እንደ ገነፈለ ወተት ወደ ሰፈራችን ያወርደዋል። ሲደርስ የበጎቹ ድምፅ ሳይቀር ይታፈናል። አባቴ ሣር አጨዳ ሲልኩን ሁልጊዜ፣ «ጭጋግ ከያዛችሁ አትደናገጡ። ወዴት እንደሚወርድ እዩና ተከተሉት፤ ቤት ነው የሚያደርሳችሁ» ይሉን ነበር።

«እሱም እንደኛ እራት ናፍቆት ይሆናል» ትላለች ታላቅ እህቴ፣ እሳቸው ዞር ሲሉ።

ያን ዓመት ለዓመታት ተከልሎ የቆየው ጓሳ ለአጨዳ ተከፍቶ ነበር። ጠዋት በረዶ ጥሎ መሬቱ እንደ ብረት ቀዝቅዟል። ከሰዓት እኔና አባቴ የተጫነውን አህያ እየነዳን ስንወርድ፣ እህቴ ከአናቱ ወዲያ፣ በገደሉ በኩል፣ የመጨረሻ ሸክሟን ታስር ነበር።

«ሂጂ ወዲያ፣ እንደ ጥጃ አትለጠፊብኝ! እደርስባችኋለሁ» አለችኝ።

ነፋሱ ቆመ። አናቱ ላይ ነጭ ነገር ተኝቶ ይታየን ነበር፤ ወደኛ ግን አልወረደም። ሰፈራችን እስኪመሽ ፀሐይ እንደሞቀው ዋለ።

በማግሥቱ ከገደሉ ሥር አገኟት። የሣር ሸክሙ ከጀርባዋ አልተፈታም።

አባቴ ለለቅሶ የመጣውን ሁሉ «ነግሬያት ነበር እኮ! ጆሮ ዳባ ልበስ አለች» ይሉ ነበር። ለዓመታት እንዲሁ አሉ። በቁጣው ተደግፈው የቆሙ ይመስሉኝ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን መምህሩ፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ነፋስ ካልገፋው መሬት መሬቱን ይዞ እንደ ውኃ እንደሚወርድ አስረዱን።

«በየት በኩል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ቁልቁለት ባለበት በኩል ነዋ፣ እናቴ!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ያን ፀሐይ የሞቀው ሰፈር ነበር የማየው። ጭጋጉ ያን ዕለት እህቴ ከቆመችበት ተነሥቶ ወደ ገደሉ ነው የወረደው። እሷም ተከተለችው።

የአልሰማ ባይነት ስሟን ላነሣላት ብዬ ለአባቴ ነገርኳቸው። ደጃፍ ተቀምጠው ነበር።

«ታዲያ ሰምታኛለች?»

«ሰምታዎታለች፣ አባባ።»

ከዚያ ወዲያ በእሷ ተቆጥተው አላየሁም። ጭጋጉ በወረደ ቁጥር ግን ከደጃፍ ተነሥተው ይገባሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኛሉ።