ጀርባዬን የሚዳብስ እጅ

ሶማሌ ተራ ከእኔ ጋር ጭነት ሲያወርዱ የኖሩት አጎቴ ባለፈው ወር ተለዩን። የጥቅምት ውርጭ ድንጋይ በሚያስነጥስበት ንጋት ሦስት ስስ ሹራብ ደርበው ወደ ሥራ ይመጡ ነበር።

«ጋሼ፣ ሽንኩርት መሰሉ እኮ!» እላቸዋለሁ።

«ሳቅ አንተ! የሚያሞቀኝ በየመሀሉ ያለው አየር ነው።»

ከዚያ እጃቸውን ከለበስኩት ኮት ስር ሰደው ጀርባዬን ይዳብሳሉ። ላብ ካገኙ ይቆጣሉ።

«አንዱን አውልቅ! ስታርፍ እርጥቡ ልብስ ይገድልሃል።»

አንድ ባልንጀራችን በላቡ ላይ ብርድ መትቶት፣ በሳንባ ምች ሞቶብናል።

ዛሬ ጠዋት ጭነት አውርጄ ቁጭ ስል ላብ ያራሰው ጀርባዬ በረዶ ሆነ። የጥርሴ መንቀጫቀጭ አብነት ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ቀልድ ፈለግኩ፤ ፍርሃት ብቻ መጣልኝ። እጃቸውን ጠበቅኩ።

ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ። የእኔ እጅ ግን ጀርባዬ ላይ አይደርስም።