የምንሽሩ ቀለበቶች

በጠመንጃው ላይ የፈረድነው ሁላችንም ነን። የእኔ ጥፋት ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ነርስ ነኝና።

አባቴ ከጌዶ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ነው። ፈቃድ ያለው አንድ ምንሽር አለው። በወጣትነቱ ለውጭ አገር አዳኞች የአውሬ ዱካ እየፈለገ ሲሠራ ቆይቶ፣ ሥራውን ሲተው የገዛው ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ከርከሮ ከጫካ ይወርዳል፤ አባቴም ማማ ላይ ሆኖ የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ሁሉ ማሳ ይጠብቃል። እነሱ በምላሹ ያርሱለታል። በሰው መካከል ያለው ቦታ በዚያች ጥይት የቆመ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በጸጥታ ችግር መንገዱ በየጊዜው በሚዘጋበትና በሚከፈትበት በዚያ ዘመን፣ በአንዱ መስከረም፣ አባቴ በማለዳ ጭጋግ ውስጥ ከርከሮ መስሎት ተኮሰ። የወደቀችው የጎረቤታችን አህያ ነበረች።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔም ከምሠራበት ከአምቦ መጥቼ ከበሩ አጠገብ ቆሜ እሰማ ነበር። የአህያዋ ባለቤት የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ተነሡና፣ “የእሱ እጅ አይስትም። ጠመንጃው ነው ያረጀው” አሉ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው፤ “እውነት ነው፣ ጠመንጃው ይታይ” ተባለ። በእኛ ሰፈር ትልቅ ሰው ፊት ለፊት “ዓይንህ ደክሟል” አይባልም። ዕቃው ይወቀሳል፣ ሰውየው ክብሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያን ዕለት በሰዎቹ ደግነት ዕንባዬ መጣ። ዛሬም ደግነት መሆኑን አልክድም።

አባቴ ከሣጥኑ ሥር በአሮጌ ካልሲ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ከጠመንጃው ጋር የመጣ የማነጣጠሪያ መነጽር ነው። “ይሄ ለፈረንጅ ነው” እያለ አንድም ቀን አልተጠቀመበትም ነበር። በምንሽሩ ጀርባ ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት መቀመጫዎች አሉ፤ መነጽሩን አቅፈው ከመቀመጫዎቹ ጋር የሚያስሩት ሁለቱ ቀለበቶች ግን ከጠፉ ቆይተዋል።

“ኢንተለ ኮ” አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። “አምቦ ላይ ቀለበቱን ፈልጊልኝ። በዚህ ካየሁ ሁለተኛ አልሳሳትም።”

የሚቀጥለው አህያ ላይሆን እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያ ማሳ መካከል ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። እናቴ በሕይወት ሳለች መዥገር ትለኝ ነበር። መነጽሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ስመለስ ጉደር ሳልደርስ ፍተሻ ገጠመኝ። ፈታሹ ካልሲውን ፈቶ ብረቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የፈቃዱን ቅጂና የሥራ መታወቂያዬን አሳይቼ፣ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው እየጠበቀኝ፣ ረጅም ጊዜ አቆሙኝ። በመጨረሻ መለሱልኝ። ሁለተኛ ይዤው አልሄድም ብዬ ወደ ጌዶ መለስኩት። የያዝኩት ቁጥሩን ብቻ ነው። ጎኑ ላይ አራት በሠላሳ ሁለት የሚል ተቀርጿል፤ ሠላሳ ሁለት ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

አምቦ ውስጥ ያልገባሁበት የብረታ ብረት ሱቅ የለም። “ሲስተር፣ ቀለበት እኮ ወንዱ ነው ገዝቶ የሚመጣው” ይሉኛል። ሳቃቸው እስኪያልቅ እጠብቅና “ሠላሳ ሁለት ሚሊ” እላለሁ። አንድ ነጋዴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከአዲስ አበባ ጥንድ ቀለበት አመጣልኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ጌዶ ይዤው ሄድኩ፤ መነጽሩ ውስጡ ተንከላወሰ። በላስቲክ ጠቀጠቅኩት፣ አሁንም ላላ። ተመልሼ ሌላ አስመጣሁ፤ ያው ሆነ። በመሐሉ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ።

በሄድኩ ቁጥር አባቴ የበሩን መቃን በቀኝ ትከሻው ይመታል። “አባ፣ በሩ እኮ ቦታውን አልለቀቀም” ብዬ ቀለድኩበት። በቀኙ በኩል ሰላም ያለውን ሰው ዘሎት ሲያልፍም አየሁ፤ ሐሳብ ላይ ነው አልኩ። ሥራ ቦታዬ ላይ አንድ ታካሚ እንዲህ ሆኖ ቢገባ ከወንበሬ ብድግ እል ነበር። አባቴ ግን ታካሚ አልነበረም። የታመመው ጠመንጃው ነበር።

በመጨረሻ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ያላቸው አንድ ሽማግሌ ተቆጡኝ። “ቁጥር አታምጪልኝ። ዕቃውን አምጪ” አሉ። ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፌ መነጽሩን እየፈራሁ አመጣሁላቸው። በመለኪያቸው ያዝ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

“ሠላሳ ሁለት ያልሽው የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው። ቀለበት የሚይዘው ወገቡን ነው። ወገቡ ሃያ አምስት ከትንሽ ነው” አሉ።

ያን ሁሉ ጊዜ የፈለግኩት የተሳሳተውን ቦታ ቁጥር ይዤ ነው። ሽማግሌው ከአሮጌ የመኪና አክሰል ብረት ቆርጠው ሁለት ቀለበት አወጡ፤ እያንዳንዱን ለሁለት ከፍለው በብሎን እንዲጠብቅ አደረጉት። እንደዚያ ያለ የእጅ ሥራ አይቼ አላውቅም። አቧራ እንዳይገባበት ብለውም የፊቱን መስታወት በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው በክር አሰሩልኝ።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ገጠምነው። የአህያዋ ባለቤትም መጥተው ብሎኑን አብረውኝ አጠበቁ። መነጽሩ አልተነቃነቀም። አባቴ ጠመንጃውን ጥይት ሳያጎርስ የእህል ጆንያ ላይ አስደግፎ ቀኝ ዓይኑን አስጠጋ። ብዙ ቆየ።

“ጥርት ብሏል” አለ። “ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ይታያል።”

ደስታዬን ልነግረው አፌን ስከፍት ጨርቁን አየሁት። ጥቁሩ ጨርቅ በክሩ እንደታሰረ መስታወቱ ላይ ነበር። ጎረቤታችንም አይተውታል። እኔን አዩ፣ ከዚያ መሬቱን አዩ፣ ከዚያም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ “እንግዲህ ጠመንጃው ዳነ ማለት ነው” አሉ።

የዚያን ጊዜ ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም፤ ከመስከረም ጀምሮ አብሬ ባልኩት ነገር ሁሉ ነው።

“አባ” አልኩት፣ “ጨርቁ አልተፈታም።”

ዓይኑን ከመነጽሩ አላነሣም። “ብዙ ደከምሽበት” አለ በመጨረሻ። “አላይም ብልሽ እንደገና ልትፈልጊ ነው።”

እዚያው ጆንያው አጠገብ ተንበርክኬ ግራ ዓይኑን በመዳፌ ሸፈንኩና ሌላውን እጄን ፊቱ ላይ ዘረጋሁ። ስንት ጣት እንደሆነ ጠየቅኩት። እጄ የት እንዳለ እንኳ አላወቀም።

ወስጄ ያሳየሁት የዓይን ሐኪም ግላኮማ ነው አለ። የቀኙ ነርቭ አልቋል፤ የጠፋው አይመለስም፤ ከግራው የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። “መቼ ነው የጀመረው?” ብሎ ጠየቀኝ። “ምልክቱ ከታየ ሰባት ወር” አልኩት። ቀኑን መቁጠር አላስፈለገኝም፤ ቀለበት የፈለግኩበት ጊዜ ነው። “ያኔ ብትመጡ ኖሮ…” ብሎ ተወው። የቀረውን እኔው ጨረስኩት፤ ተምሬዋለሁና።

ማማው ላይ አሁን የሚወጣው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ምንሽሩም በሕጋዊ መንገድ ወደ እሱ ዞሯል። አባቴ ጠዋትና ማታ ጠብታውን ያደርጋል፤ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፤ ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። ልክ ያልሆኑትን ሁለት ጥንድ ቀለበቶች አልጣልኳቸውም፤ በምርመራ ክፍሌ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

ከገጠር ሽማግሌ ሲመጣ፣ የመጣው ለሳልም ሆነ ለወገብ ሕመም፣ መጀመሪያ አንድ ዓይኑን በእጄ እሸፍናለሁ።

“ሲስተር፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለጉልበቴ ነው” ይሉኛል።

“ይሁን፣ ጉልበትዎንም አያለሁ” እላለሁ። “ይሄ ስንት ጣት ነው?”